የወይዘሮ በላይነሽ ነውር

ወይዘሮ በላይነሽ መሞታቸውን የነገረኝ ግዛው ነው። ግዛው የወረዳ ጸሐፊ ነው፤ ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ከሞላሌ ወደ ራቤል መጥቶ እኛ አስተማሪዎች ከምንሰበሰብባት ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር። ስኳሩን እያማሰለ፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣

«ያቺ አከራይህ ሞተች እኮ» አለኝ።

«ማን?»

«በላይነሽ ናታ። ያቺ ነውር የማታውቀው።»

ይህን ብሎ ሻዩን ፉት አለ። ጓደኞቼ «ነፍስ ይማር» አሉ። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ይህን ጽሑፍ ንዴቴ ሲበርድ ልጀምረው ብዬ ነበር፤ አልበርድ ስላለኝ እንዳለሁ ጀመርኩት። ግዛውን አንቱ ሳልል የጻፍኩትም በስህተት አይደለም።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ቃል ሳልፈታ ወደ ነገሩ መግባት አይሆንልኝም። በእኛ አገር ነውር የሆነውን ከመቁጠር ነውር ያልሆነውን መቁጠር ይቀላል። ልጅ በትልቅ ፊት ሲናገር ነውር ነው። ሴት ድምፅዋን ስታሰማ ነውር ነው። የሰው ጓዳ ማየት ነውር ነው፤ የራስን ጓዳ ማሳየት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ራበኝ ማለት የነውሮች ሁሉ አውራ ነው። አንድ ነገር ግን አስተውሉ፤ «ነውር ነው» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጧል፣ የሚባለው ሰው ደግሞ ቆሟል። ይህን ያሳዩኝ ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው። እኔማ ከማሠልጠኛ ስወጣ ነውር ማለት «አሳፋሪ ነገር» ማለት ነው ብዬ በአንድ መስመር የምጨርሰው ይመስለኝ ነበር።

ነውር የማያውቁ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ። እንደሳቸው ነውርን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። የባላባት ልጅ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ያን ጊዜ ሞላሌ አስተምር ነበርና ከከተማዋ ዳር ካለው ግቢያቸው አንዷን ክፍል አከራዩኝ። ሊቆጡ ሲሉ አስቀድመው መቀነታቸውን ፈታ አድርገው ጠበቅ አድርገው ያስሩታል፤ ከዚያ ይናገራሉ። መንደሩ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ እጃቸው ወደ ወገባቸው ሲሄድ ሰው ቦታ ይፈልግ ነበር።

በመጣሁ በሳምንቱ ከኪሴ ቆሎ እየቆረጠምኩ ከገበያ ስመለስ ከደጃቸው ቆመው አዩኝ።

«አንተ አስተማሪ!»

«አቤት።»

«በቅሎ ነህ?»

«ምነው እሜቴ?»

«እየሄደ የሚበላ በቅሎ ነዋ! ነውር ነው፤ የምታስተምራቸው ልጆች አያዩህም? ግባና ተቀመጥ።»

ገብቼ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጡና እጃቸውን ወደ ኪሴ ሰደው ከቆሎዬ ዘገኑ። ጥቂት ቆረጠሙና «አሁን ነውሩ ለቀቀው፤ ለሁለት በላነው» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም። ለሳቸው ነውር ማለት ሰው ያለሰው ሲቀር ነው። ጥፍር አለመቆረጥ፣ ቆሞ መጠጣት፣ እግር ዘርግቶ መቀመጥ፣ ይህን ሁሉ ይገሥጻሉ፤ ግን ሲገሥጹ አንድን ሰው ወደ ሰው ማዕድ ለማስጠጋት እንጂ ከማዕዱ ለማስነሣት አልነበረም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ጎረቤት ሚስቱን በበትር ሲደበድብ ደረስን። ሴትዮዋ ትጮኻለች። ሽማግሌዎች ከአጥሩ ውጭ ቆመው «አንቺ ሴት፣ ነውር ነው! ጩኸትሽ መንገድ ላይ ይሰማል እኮ» ይሏታል። የወይዘሮ በላይነሽ እጅ ወደ መቀነታቸው ሄደ።

«ቆይ እስቲ፣ አባቶቼ» አሉ። «በትሩ የማን ነው?»

«የሱ ነዋ፣ እሜቴ።»

«ጩኸቱስ?»

«የሷ።»

«ታዲያ በትሩ ሳይነወር ጩኸቱ በምን ተነወረ?»

«የባልና የሚስት ነገር ውስጥ መግባት…»

አላስጨረሷቸውም። ገብተው በትሩን ከሰውየው እጅ ተቀበሉ። ሰውየው የባላባት ልጅ መምታት ስለፈራ ብቻ ለቀቀላቸው። በትሩን እንደ ምርኩዝ እየተመረኮዙ ወደ ቤት ስንሄድ እንዲህ አሉኝ፦ «ነውር እንደ ባና ነው። ሲበርድህ አንተው ትደርበዋለህ፤ ለበረደውም ታለብሰዋለህ። በሰው አፍ ውስጥ የሚጠቀጥቀው ግን ባለጌ ነው።» ባና የመንዝ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው። ምሳሌው ደስ ስላለኝ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። «አንተ ሰሌዳ ላይ ካልጻፍከው መች ይገባሃል» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ክፉው ዓመት መጣ። የበልጉ ዝናብ ቀረ። ለመኸር የተዘራውም ገብስ ሊያሽት ሲል ውርጭ መታውና ነጭ ሆኖ ቀረ። በጉ መጀመሪያ ረከሰ፣ ኋላም አለቀ። የእኛ ደጋ ገበሬ ሲርበው ምን እንደሚያደርግ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። ምንም የሌለው ድሃ እግሩ ወደመራው ይሰደዳል። ስም ያለው ግን በሩን ይዘጋል።

ከግቢያችን ፊት ለፊት፣ ከፍ ካለው ላይ፣ የባላምባራስ ተሰማ ቤት ነበር። ባላምባራስ የግዛው ታላቅ ወንድም ናቸው። ሚስታቸው አስካለና ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሏቸው። እኚህ ሰው ባላቸው ጊዜ እንግዳ ሳይዙ ምሳ በልተው አያውቁም ይባላል። ያን ዓመት በራቸው ተዘጋ። ጠዋትና ማታ ግን ከጣራቸው ጭስ ይወጣል።

«እነሱስ እግዜር ይመስገን፣ ጭሳቸው አልጠፋም» አልኩ አንድ ቀን።

«አሽትተኸዋል?» አሉኝ ወይዘሮ በላይነሽ።

«ምኑን?»

«ጭሱን ነዋ! ኩበት ኩበት ይላል እንጂ እህል እህል ይላል? ደግሞ እርጥብ ኩበት ነው፤ በብዛት እንዲጨስ። ባዶ ድስት ጥደው ነው፣ አንተ ሞኝ። ጎረቤት ‹አበሰሉ› እንዲል።»

በሶ ቋጥረው ሄዱ። አብሬያቸው ነበርኩ። በሩን ሲያንኳኩ ባላምባራስ ሳይከፍቱ ከውስጥ መለሱ።

«ማነው?»

«በላይነሽ ነኝ። ጥቂት በሶ ይዤ…»

«እግዜር ይስጥልን። በልተናል።»

«ለልጆቹ ይሁን።»

«ጠግበዋል አልኩዎ እኮ፣ እሜቴ! በሰው ደጅ እህል ይዞ መቆም ነውር ነው። ሰው ያየናል፤ ይሂዱልን።»

ከውስጥ አንዲት ልጅ ስታስል ሰማሁ፤ ከዚያ ሳሉ በእጅ የታፈነ ይመስል ዝም አለ። በሶውን ይዘን ተመለስን። ወይዘሮ በላይነሽ መቀነታቸውን እያሰሩ «ነውርን ስም ያወጣለት የጠገበ ሰው ነው» አሉ። «የተራበ ቢያወጣለት ኖሮ ይህን ስም አያወጣለትም ነበር።»

በማግስቱ ገበያ ነበር። በርኖሳቸውን ደርበው፣ አቁማዳ በትከሻቸው አንግተው፣ የባላባቱ ልጅ ከእህል ተራው መካከል ቆሙና «በእንተ ስማ ለማርያም! ስለት አለብኝ፤ ለምኜ ልዘክራት ነው!» ብለው ጮኹ።

ለማያውቅ ላስረዳ። መለመን በእኛ ዘንድ ውርደት ነው። ለማርያም ተስሎ መለመን ግን ውርደት አይደለም፤ ሀብታምም ይሳላል፣ ለምኖም ይዘክራል። በዝክሩ ቀን «ጸበል ቅመሱ» የተባለ ሰው ደግሞ ይሄዳል፤ ቄስ የባረከውን ጸበል አልቀምስም ማለት ነውር ነውና። ወይዘሮ በላይነሽ ያሰቡት ይህን ነበር። ነውር የዘጋውን በር በነውር ሊከፍቱት።

«እሜቴ፣ ምን ቢያደርጉ ነው እንዲህ ያለ ስለት የተሳሉት?» አለ አንድ ነጋዴ፣ ገበያው እንዲስቅለት ጮክ ብሎ።

«ያንተን ልብ እንድታራራልኝ ነው። ትልቅ ተአምር ለምኛለሁ፤ እስቲ አሁን እንየው።»

ገበያው በነጋዴው ሳቀ። አንድ ቁና ገብስ ገለበጠላቸው። እሱ ሲሰጥ ያዩት ሌሎቹም ሰጡ።

ለማርያም ቀን ዳቦ ተጋገረ። ባላምባራስን የጠሯቸው የደብሩ ቄስ ናቸው፤ «ጸበል ቅመሱ ተብላችኋል» አሉ በበራቸው። በሩ ተከፈተ። ባላምባራስ በርኖሳቸውን ለብሰው፣ ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ወይዘሮ በላይነሽ ከላይ ከቄሱ አጠገብ አስቀመጧቸው። ጉንጫቸው ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ዳቦውን በሁለት ጣት እየቆረሱ፣ ከጉርሻ ወደ ጉርሻ ጨዋታ እያስገቡ ነበር የበሉት። ልጆቹ ግን መሬት መሬት እያዩ ያኝኩ ነበር። «ይብቃኝ» ሲሉ ወይዘሮ በላይነሽ «የእመቤታችን ነው፤ ማደር የለበትም። የቀረውን ለቤት በረከት ይዘውልኝ ይሂዱ» አሏቸው። ይዘው ሄዱ። ሲወጡ አስካለ የወይዘሮ በላይነሽን እጅ ሳመች፤ ረጅም ጊዜ ሳመችው።

«እንግዲህ ማርያም የምትመጣው በወሩ ነው» አልኳቸው እያዘንኩ።

«ከነገ ወዲያ ማነው?»

«ጊዮርጊስ።»

«ተስዬለታለሁ። ከሱ ቀጥሎስ?»

«ተክለ ሃይማኖት።»

«ለሳቸውም ተስያለሁ።»

«እሜቴ፣ ስንት ስለት ነው ያለብዎ?»

«ከወሩ ጻድቅ የሌለበት ቀን ካለ አሳየኝና ያን ቀን እንጦማለን።»

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። እሳቸው በገበያ ቀን ይለምናሉ፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ በራቸውን ዘግተው የነበሩ ሁሉ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ መጥተው ጸበል ይቀምሳሉ። ማንም ተራብኩ አላለም። ማንም መጸወትኩ አላለም። እኔ በሕይወቴ ከዚህ የበለጠ ብልህ ሥራ አላየሁም።

አንድ ቀን ግዛው በበቅሎ መጣ። ከበቅሎው ሳይወርድ ነበር የተናገረው።

«ወይዘሮ በላይነሽ፣ ይህ ስብሰባ ይቁም ተብሏል።»

«ስብሰባ አይደለም፤ ጸበል ነው።»

«ጸበል በየቀኑ? በዚህ ሰሞን ትልቅ ሰው በመንገዱ ያልፋል። አገሩ ተርቧል ሊያስብሉን ነው? የአገር ገመና ማውጣት ነውር ነው።»

«የተራበ የለም ነው የምትለኝ?»

«የታለ? የወንድሜ ቤት ያውና! ጭሱ ሲወጣ አይታይዎትም?»

ወይዘሮ በላይነሽ ያን ጊዜ መቀነታቸውን አልነኩም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግዛው፣ ልጄ፣ ወንድምህ ቤት ግባ» አሉት። «አሁኑኑ ሂድና ግባ። ጭሱን ተወው።»

«ወንድሜን ለማኝ ሊያደርጉብኝ ነው? እኔ በሰው ጓዳ ዘው አልልም፤ ነውር ነው።»

በቅሎውን አዞረ። በወንድሙ ደጅ በኩል አለፈ፤ ሲያልፍ ከሩቅ ባርኔጣውን አነሣ እንጂ አልወረደም።

ትእዛዙ ለቄሱም ደርሶ ነበር። የሚቀጥለው ዝክር ቀን ቄሱ ቀሩ። ወይዘሮ በላይነሽ ቤታቸው ድረስ ሄዱ።

«መምሬ፣ አንዲት አቡነ ዘበሰማያት ይበሉልኝ። ከበር ላይ ቆመውም ቢሆን።»

«ታዝዣለሁ፣ እሜቴ። ከሹም ጋር ምን አጣላኝ?»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ!»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመዋቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

ወይዘሮ በላይነሽ ዳቦውን እንደ ልማዳቸው ሸፍነው ወደ ባላምባራስ ቤት ወሰዱት። አሁንም አብሬያቸው ነበርኩ። ባላምባራስ በሩን ጥቂት ገርበብ አድርገው ዳቦውን አዩት። እጃቸው ወደ ዳቦው መጥቶ ሳይነካው ቆመ።

«ማን ባረከው?»

«እኔ ባረክሁት።»

«እንግዲያስ ምጽዋት ነው» አሉ። «እኛ እዚያ አልደረስንም።» በሩ ተዘጋ። ወይዘሮ በላይነሽ በሩን በጡጫ መቱት፤ «ተሰማ! ልጆችህን!» ብለው ጮኹ፤ የሰው ማዕረግ ሲጥሉ ያን ጊዜ ብቻ ሰማኋቸው። ዳቦውን ከደጃፉ ትተውት ሄዱ፤ በማግስቱ ውሻ ሲበላው አየሁ።

ጭሱ ግን አልተቋረጠም። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይወጣል። ትልቁም ሰው በመኪና አለፈ። አልቆመም። ግራና ቀኝ የሚጨሱትን ጎጆዎች አይቶ «አገሩ ደኅና ነው» ብሎ ይሆናል። መቼም ጭስ ከመኪና አይሸትም።

በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በመንገዱ ላይ ሳለ፣ ወይዘሮ በላይነሽ መጥረቢያ ይዘው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። የባላምባራስን በር ሲመቱት ገበያተኛው ቆሞ «ኧረ ነውር ነው! የሰው በር!» ይል ጀመር። አንድም ሰው ግን መጥረቢያውን ሊቀማ ወይም ሊረዳ አልመጣም። ማጠፊያው ሲላቀቅ እኔ በትከሻዬ ገፋሁት።

ባላምባራስ ግድግዳውን ተጠግተው ተኝተዋል። በርኖሳቸው ተስተካክሎ ተደርቦላቸዋል፤ ፊታቸው በነጠላ ተሸፍኗል። ከሞቱ ማደራቸው ከሽታው ይታወቃል። አስካለ ከምድጃው አጠገብ በጉልበቷና በእጇ ሆና እሳቱ ላይ ኩበት ትጨምራለች። ልጆቹ ከኋላዋ ተቃቅፈው ዐይናቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

«አስካለ፣ ባልሽ ሞቶ ለምን አልጮኽሽም?» አሏት።

ቀና ብላ አየቻቸው። «ከጮኽኩ ሰው ይገባል፣ እሜቴ። ሰው ከገባ ጓዳዬን ያያል።»

ወይዘሮ በላይነሽ አጥሚት በማንኪያ እያጠጡ እናቲቱንና ልጆቹን አዳኗቸው። ግዛውስ? ግዛው ከሰሳቸው። በር በመስበርና የሟችን ገመና በገበያ ፊት በማውጣት! ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ድንጋይ ተሸክመው የሟችን ቤተሰብ ይቅርታ ይጠይቁ ብለው ፈረዱ። ወይዘሮ በላይነሽ «ድንጋዩን በሩን አይቶ ያለፈው ይሸከመው» ብለው ተነሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ የሚጠራቸው፣ ለክርስትና የሚያስባቸው ጠፋ። ነውር የማታውቅ የሚል ስም የወጣላቸው ያን ጊዜ ነው። አስካለን ግዛው ከነልጆቿ ወደ ግቢው ወሰዳት፤ ወይዘሮ በላይነሽን ሰላም እንዳትልም ከለከላት። መንገድ ላይ ሲገናኙ አስካለ አንገቷን ትደፋለች። ወይዘሮ በላይነሽ ከሩቅ ሲያዩዋት ቀድመው ሌላ መንገድ ይይዙ ነበር። «ለምን?» ብላቸው «እንዳታፍር ነዋ» አሉኝ። እንግዲህ ነውር የማያውቁት ሴት እኚህ ናቸው።

ለአርባቸው ተዝካር ከራቤል ወደ ሞላሌ ወረድኩ። ያዘጋጁት የማርያም ማኅበርተኞቻቸው ናቸው። ዳሱ ሞልቷል። በሕይወት ሳሉ ደጃቸውን የማይረግጥ ሁሉ ለተዝካሩ መጥቷል፤ በዚያ ዓመት ጸበል የቀመሱትንም አንድ በአንድ አየኋቸው። ቄሱ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ግዛው ከጎናቸው ነው። ተበልቶ ሊያበቃ ሲል ግዛው አፉን ጠረገና «ነፍስ ይማር» አለ። «መቼም ሰው ከሞተ ነውሩ አይነሣም።» ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

አስካለ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። መቀነቷን ፈታ አድርጋ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ሲያዩዋት ማኘካቸውን አቆሙ።

«እኔ በልቻለሁ» አለች። «ለምነው ያመጡትን እህል እኔ በልቻለሁ። ልጆቼም በልተዋል። ስለት አልነበረም፤ እኛ ነበርን ስለቱ።»

«አስካለ፣ ተቀመጪ!» አለ ግዛው። «ነውር ነው!»

«ተርቤ ሳለሁ ነውር ነው ተባልኩ፤ ዝም አልኩ። ባሌ ሞቶ ነውር ነው ብዬ ሳልጮኽ አደርኩ። ነውርን ስም ያወጣለት የጠገበ ነው ይሉ ነበር እሜቴ በላይነሽ። ዛሬ በተዝካራቸው ጠግቤአለሁ። እንግዲህ ስሙን እኔ ላውጣለት።» ወደ ቄሱ ዞረች። «መምሬ፣ ጸበሉን ሳይባርኩ የቀሩ ዕለት፤ ነውር ማለት እሱ ነው።» ወደ ግዛው ዞረች። «አንተ ወንድምህን ከበቅሎ ላይ ሆነህ በጭሱ ያየኸው፤ ነውር ማለት እሱ ነው።» ከዚያ እኛን፣ ዳስ ሙሉ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር አየችን። ለእኛ የሚሆን ስም የምታጣ አልመሰለኝም፤ ግን አልተናገረችውም።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች፣ ያን ጊዜ ለባሏ ያልጮኸችውን ጩኸት ጮኸች። «ወይኔ ተሰማ! ወይኔ እሜቴ!» እያለች፣ የለቅሶ ጊዜው ካለፈ በኋላ፣ ማዕዱ ሳይነሣ፣ ለሁለቱም በአንድ ላይ አለቀሰችላቸው። ድምፅዋ ከዳሱ አልፎ እስከ መንገዱ ተሰማ።

ነውር ነው ያላት ሰው አልነበረም።